ነርሲስ ናልባንዲያንና አምስቱ ድምፆች

ባለፈው ጥር ወር በዓለም ከተማ በአንድ የቅርብ ዘመዴ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል መጥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ አንባቢ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ መርሐ ቤቴ ሲወጣ የቆላው ሙቀት ቀስ በቀስ ለደጋው አየር ቦታውን እንደሚለቅ ያስታውሳል። አገሩ ፉከራና ሽለላ የሚወደድበት አገር ነው፤ ሠርግም ያለ ማሲንቆ አይደምቅም። ይሁን እንጂ በዚያ ዳስ ውስጥ ማሲንቆው ብቻውን አልነበረም። ከጎኑ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን በብረት ማቆሚያ ላይ ዘርግቶ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ፣ ከበሮውንም ዋሽንቱንም መለከቱንም ከዚያችው ሣጥን ያወጣ ነበር።

ሸምገል ያሉት አዝማሪ ዘፈኑን ከመጀመራቸው በፊት ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብለው የማሲንቆአቸውን ጭራ እያጠበቁና እያላሉ ከኦርጋኑ ድምፅ ጋር አስማሙት። ለሠርገኛው ይህ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም። እኔን ግን አሳሰበኝ። በማሲንቆ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ነው፤ ጣቱም በሁለት ድምፆች መካከል በፈለገበት ቦታ ሊያርፍ ይችላል። የኦርጋኑ ቁልፎች ግን ከፋብሪካ ተወስነው የመጡ ናቸው፤ በአንዱና በተከታዩ መካከል ምንም የለም። አዝማሪው ወደ አምባሰል ሲገቡ ጣታቸው ወደ ለመደው ቦታ ይሄድና፣ የኦርጋኑን ድምፅ ሰምቶ እንደ ተሳሳተ ሰው ሲመለስ አየሁት። አልተሳሳቱም ነበር።

ዕረፍት በሆነ ጊዜ ወጣቱን ቀርቤ የቅኝቶቹን አጣጣል ከማን እንደ ተማረ ጠየቅሁት። ከጓደኛው መሆኑን ነገረኝ፤ ጓደኛውም ከካሴት እየሰማ እንደ ተማረ ጨመረልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰንሰለት የሚያውቅ አልተገኘም።

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለዚህ እትም ካለፉት ታዋቂ ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ከእኔ የጠበቁት የአንድ ድልድይ ወይም የአንድ ግድብ ሠሪ ታሪክ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ይቅርታቸውን እየጠየቅሁ የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ አቅርቤአለሁ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ስማቸው በክብር የሚነሣ፣ ከመድረክ በታች ያለው ሕዝብ ግን ሥራቸውን እንጂ ፊታቸውን ብዙም ያላወቀው ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። የዚያ ወጣት ሰንሰለት ወደ ኋላ ቢሳብ ከመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች በአንዱ ላይ እርሳቸውን የምናገኝ ይመስለኛል።

ነርሲስ የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ ጋዚአንቴፕ በምትባለው በአይንታብ ከተማ ነው። ለአርመን ሕዝብ ከዚያ የከፋ የልደት ዓመት አይኖርም። ሕፃኑ ገና የሁለት ወር ዕድሜ ሳይሞላው በሚያዝያ ወር በቁስጥንጥንያ የአርመን ታላላቅ ሰዎች ታሰሩ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የግዞትና የእልቂቱ ማዕበል ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛመተ አይንታብንም ደረሰ። ቤተሰቡ ተሰድዶ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሐለብ ገባ። ነርሲስ ያደጉት ቤቱንና ርስቱን ጥሎ፣ ቋንቋውን፣ ጸሎቱንና ዜማውን ብቻ ተሸክሞ በወጣ ሕዝብ መካከል ነው። ከዚያ ሕዝብ አንድ የሙዚቃ ሰው መውጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው መንገዱ ወደ ኢትዮጵያ ማምራቱ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ፣ በአርመኖች ገዳም ተጠልለው የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሲጫወቱ ሰሙ። በነገሩ ተደስተው ልጆቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡላቸው ከአርመን ፓትርያርክ ጠየቁ። ልጆቹ አርባ ስለ ነበሩ ስማቸው በታሪካችን አርባ ልጆች ተብሎ ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ አበባ ሲገቡ የሙዚቃ መሪያቸው ሆነው አብረው የመጡት ኬቮርክ ነበሩ። አገራችን ከዚያ በፊት የነሐስ ሙዚቃ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የመጡ መለከቶችና ከበሮዎች በምኒልክ ቤተ መንግሥት ይነፉና ይመቱ ነበር። ነገር ግን በኖታ ሠልጥኖ የመጣ የመንግሥት ኦርኬስትራ ሲቋቋም አርባ ልጆች የመጀመሪያዎቹ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1926 የኢትዮጵያን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ያ መዝሙር አብዮቱ ፈንድቶ በሌላ እስኪተካ ድረስ በየአደባባዩና በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ይዘመር ነበር። ባንዲራ ሥር ቆመው ከዘመሩት ሕፃናት መካከል ዜማውን የደረሱት ከገዛ አገራቸው የተሰደዱ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁ ምን ያህል እንደ ነበሩ እንጃ።

ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ በጣልያን ወረራ ሥር ሳለች ነው። ከአንድ ጥፋት የተረፈ ወጣት ወደ ሌላ ጥፋት መሐል ገባ ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም። ሆኖም አልተመለሱም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመልሶ መንግሥት የፈረሰውን ሁሉ እንደ ገና ማቋቋም በጀመረ ጊዜ ሙዚቃም ከሚቋቋሙት ነገሮች አንዱ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሙዚቃ ጓድ አደራጁ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅርም እንደ ገና ተንቀሳቀሰ። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ደንብ ልብስም ይሰፋል። የማይገዛው መምህር ነበር። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ለነርሲስ ተሰጠ፤ ከዚያም በኋላ ፖሊስን ጨምሮ በሌሎቹ ኦርኬስትሮች ሥልጠና እጃቸው ገባበት።

ከማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ከወጡት መካከል አንዱን ብቻ ላንሣ። ጌታቸው መኩሪያ እዚያ የገቡት ገና የአሥራ አራት ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ነው። ኋላ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛውረው፣ የአባቶቻቸውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን በመጫወት ዓለም ያወቃቸው ሆኑ። የጦር ሜዳን ድምፅ በፈረንጅ መሣሪያ ማውጣት የእርሳቸው የገዛ ራሳቸው ግኝት ነው፤ ለማንም አሳልፈን አንሰጠውም። ቢሆንም አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ መሣሪያ የሚጨብጥበት፣ መምህርም የሚያገኝበት ቤት መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። አንባቢዎቼ አብዛኞቹ የቁጥር ሰዎች ስለ ሆኑ ነገሩን በቁጥር ባስረዳ የሚከፋቸው አይመስለኝም።

አንድ ድምፅ በሰኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን፣ 880 ጊዜ የሚርገበገበው ሌላ ድምፅ ለጆሮ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ የተደገመ ይመስላል። ፒያኖ ይህን ርቀት በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። እኩል ስል በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ከበፊቱ ቁልፍ ስድስት ከመቶ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መጠን ይበልጣል። ከ440 ቀጥሎ የሚገኘው ቁልፍ 466 ገደማ ይሆናል። ከእነዚህ ከአሥራ ሁለቱ መካከል የእኛ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ብቻ ይመርጣሉ። ከዶ እንነሣና በሰፊው የሚታወቀው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ከዶ ቀጥሎ ግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለውን ሬ፣ ከዚያ ፋን፣ ሶልን፣ ዝቅ ያለውንም ላ ይይዛል። አንቺ ሆዬ ዶን፣ ዝቅ ያለውን ሬ፣ ፋን፣ ዝቅ ያለውን ሶልና ላን ይዞ ይሄዳል። ባቲም የራሱ አምስት አለው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ችግር ቀላል ነው፤ ማንኛውም የቀለም ትምህርት የሌለው ወጣት አምስቱን ቁልፎች ለይቶ ሊመታ ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ሰው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልዩ ልዩ ድምፅ እንዲያሰሙ በፈለገ ጊዜ ነው። በጥንቱ ልማዳችን ክራሩም ማሲንቆውም ዋሽንቱም ዘፋኙም ያንኑ አንዱን ዜማ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጌጥ፣ አብረው ይሄዱበታል። የምዕራቡ ዓለም ኦርኬስትራ ግን ድምፅን በድምፅ ላይ ይደረድራል። የድርድሩ መሠረት ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፆችን ማነባበር ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል እንደ ማለት። በትዝታ ይህን ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ፋ እና ሲ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ፣ የአውሮፓን ሙዚቃ ወደ መነሻው የሚስበውና የሚያሳርፈው ዋናው ኃይል አይገኝም። ወደ አምባሰል ስንመጣ ደግሞ ከነጭራሹ ሚ የሚባል የለም። በመነሻው ድምፅ ላይ የሚቆም ክምር በቅኝቱ ቁሳቁስ ብቻ ሊሠራ አይችልም። ከውጭ አንድ ሚ አምጥተን ብንጨምርበት ክምሩ ይቆማል፤ አምባሰሉ ግን አምባሰልነቱን ያጣል።

ይህ የመሐንዲስ ችግር ነው። አንድን የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ሳይሠራ፣ የግድግዳውም ሥዕል ሳይነካ፣ በላዩ ላይ አዲስ ጣራ ተሸከምልኝ እንደ ማለት ነው። አንዱ መፍትሔ ነገሩን መተው ነው፤ ሁሉም አንድ ዜማ ይንፋ ብሎ መወሰን። ሌላው መፍትሔ የአውሮፓን ሐርሞኒ እንዳለ መጫን ነው፤ በዚያ ጊዜ ዜማው የቤተ ክህነት ሰንበት ትምህርት ቤት የፈረንጅ መዝሙር ይመስላል። ሁለቱም ተሞክረዋል፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ እንሰማቸዋለን። የነርሲስ ድካም ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ነበር። ዜማው በቅኝቱ ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል፤ በዙሪያው ያሉት የነሐስና የሳክስፎን ድምፆች ግን የሚሸከሙትን ሳይጫኑት ያጅቡታል። ሐርሞኒ ለኢትዮጵያ ዜማ የሚስማማው በምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ የዕድሜ ልክ ጥያቄአቸው ነበር ማለት ይቻላል። እኔ በበኩሌ የእርሳቸውን ታላቅነት የማየው በዚህ ላይ ነው፤ የመጡት ሁሉን ነገር ተምረው ካበቁበት አገር ሆኖ ሳለ፣ እዚህ የተገኘውን ነገር እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሕግ መቁጠራቸው።

እርግጥ ነው፤ ሒሳቡ ኪሣራም አለበት። ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ውጭ ያሉት ድምፆች፣ አዝማሪው በጣታቸው የሚያገኟቸው ጥቃቅን ልዩነቶች፣ በፒያኖ ላይ ቦታ የላቸውም። ድምፅን በጽሑፍ ማስፈር በአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ደብተራዎቻችን የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ከፍለው፣ ከፊደሉ በላይ ምልክቶች እያኖሩ ለዘመናት ጠብቀውታል። በመንዝና በመርሐ ቤቴ አድባራት ያደገ ሰው ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ነገር ግን የዜማ ምልክት መምህሩ በቃል ያስተማረውን የሚያስታውስ ነው፤ ከመምህሩ ጉሮሮ ተለይቶ አይቆምም። የአውሮፓ ኖታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዜማውን ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ አንብቦ ሊነፋው ይችላል፤ በምትኩ በመስመርና በመስመር መካከል የማይያዘው ሁሉ ይቀራል። ነርሲስ ይህን ልዩነት ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግን ግድ ነበር፤ ሃያ ሰው በአንድ ላይ ለማጫወት ከኖታ ሌላ ዘዴ አልተገኘም።

በዚህ ላይ የእጅ ሥራውን ብዛት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቋንቋ አይናገሩም። ፒያኖው ዶ ሲል መለከቱና ቴኖር ሳክስፎኑ ያንኑ ድምፅ ለማውጣት በወረቀታቸው ላይ ሬ ተጽፎ ማየት አለባቸው፤ አልቶ ሳክስፎኑ ደግሞ ላ። ስለዚህ አቀናባሪው አንድን ዘፈን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለይቶ፣ ከፍታውን እያዛወረ፣ በእጁ ይጽፋል። ፎቶ ኮፒ በሌለበት ዘመን ለአንድ ምሽት ትርኢት የሚያስፈልገው ወረቀት ስንት እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ዛሬ በዚህ ከፍታ አልችልም ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም ወረቀት እንደ ገና ይጻፋል። መሣሪያው ወደ ዘፋኙ ይሄዳል እንጂ ዘፋኙ ወደ መሣሪያው አይመጣም፤ የሙያው ደንብ ይህ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመርቆ ተከፈተ። ሕንጻው ጣልያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ነበር፤ ተስፋፍቶና ተለውጦ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሆነ። የቴአትሩን ኦርኬስትራ በመጀመሪያ የመሩት ኦስትርያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ቦታው ለነርሲስ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሥራቸው ከፍተኛ ወቅት ናቸው ማለት ይቻላል። በፒያኖም፣ በቫዮሊንም፣ በሳክስፎንም የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ ከሚያስተምሩት ተጫዋች ጎን ቆመው መሣሪያውን ተቀብለው ማሳየት ይችሉ ነበር። የሚያቀናብሩት ለዘመናዊ ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ ቴአትር ቤት እንደ መሆኑ ለመድረክ ድርሰቶችና ለበዓላትም ሙዚቃ ያስፈልግ ነበር። በጊዜው ታላቅ ስም ያተረፉ ድምፃውያን እርሳቸው በጻፉት ወረቀት ላይ ተመሥርተው ዘፍነዋል። ዜግነታቸውንም ኢትዮጵያዊ አደረጉ።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለድምፃዊው ነው። ይህን ስል ለማማረር አይደለም፤ ሥርዓቱ በየአገሩ ያው ነው። በአሜሪካን አገር በዲትሮይት ከተማ ሞታውን በተባለው የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ኦርጋንና ፒያኖ የሚጫወቱት ኧርል ቫን ዳይክና ጓደኞቻቸው፣ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን በሚሸጡ የሶል ሸክላዎች ላይ ለዓመታት ተጫውተው ስማቸው በሸክላው ሽፋን ላይ አልታተመም ነበር። ኩባንያው የተጫዋቾቹን ስም በሽፋን ላይ ማስፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ነው። ዶኒ ሐታዌይን የመሰለ ሰው እንኳ ድምፃዊ ሆኖ ከመታወቁ በፊት በቺካጎ ስቱዲዮዎች ለሌሎች ሰዎች ፒያኖ የሚጫወትና የሚያቀናብር ሠራተኛ ነበር። በእኛም ሙያ ቢሆን የሕንጻው ስም ከባለቤቱና ከነዳፊው ጋር ሲነሣ፣ ምሰሶው ስንት ብረት እንደሚያስፈልገው ሌሊቱን ያሰላውን ሰው የሚያስታውስ የለም። ምሰሶው ካልወደቀ በስተቀር።

በነርሲስ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የእርሳቸው የተሻለው ሥራ የተሠራው ሸክላ ማሳተም ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በመቆየቱ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ዓ.ም. ታላላቅ ኦርኬስትሮች ከተጫወቱት ውስጥ የታተመው እጅግ ጥቂት ነው። ሕጉን ጥሶ የግል ሸክላ ማሳተም የጀመረው ወጣት ነጋዴ፣ አምኃ እሸቴ፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን ብሎ የሚያደንቀው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የሚጀምረው ነርሲስ አብዛኛውን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት በታች ቀረ።

ዘመኑም ተለውጦ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በክቡር ዘበኛ መኮንኖች የተመራ ስለ ነበረ፣ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባላት ሳይቀሩ ጣጣው ደረሰባቸው፤ ጥላሁን ገሠሠም ለጥቂት ጊዜ ታስረው እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁጥራቸው ያነሰ፣ የደንብ ልብስ ያልለበሱ የግል ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ብቅ አሉ። አስመራ ከነበረው ከቃኘው የአሜሪካኖች ጣቢያ ሬዲዮ፣ ከሰላም ጓድ ወጣቶች ሻንጣና ከየሸክላ ቤቱ የጄምስ ብራውንና የኦቲስ ሬዲንግ ድምፅ ወደ ከተማው ገባ። የኤሌክትሪክ ጊታርና የኤሌክትሪክ ኦርጋን መጣ። ሃያ ሰው የሚሠራውን ስድስት ሰው ይሠራው ጀመር።

ስለዚህ ትውልድ ብዙ ተጽፏል። ግርማ በየነ ፒያኖውን ይዘው በደርዘን የሚቆጠሩ ዘፈኖችን አቀናብረዋል። ሙላቱ አስታጥቄ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ትምህርታቸው ተመልሰው፣ አምስቱን ድምፆችና አሥራ ሁለቱን ቁልፎች የማስማማቱን ጥያቄ በገዛ መንገዳቸው ይዘውት ተነሡ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሒልተን ሆቴል ኦርጋኑን አናገሩት። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጆሮና የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ የነርሲስ ደቀ መዛሙርት ናቸው ብዬ ላሳንሳቸው አልፈልግም። ነገር ግን በትዝታ ሥር ምን ዓይነት ኮርድ ይቀመጣል፣ የመለከቶቹ ምላሽ በዘፋኙ ስንኝ ማብቂያ ላይ እንዴት ይገባል፣ የችክችካው ሁለትና ሦስት ምት እንዴት በአንድ ላይ ይሄዳል የሚሉት ጥያቄዎች እነርሱ ሲደርሱ ድንግል መሬት አልነበሩም። ማረሻ አልፎባቸው ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ። ቴአትሩ ስሙን ለወጠ፤ አጎታቸው የደረሱት መዝሙርም በሌላ ተተካ። የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የምሽቱን ሙዚቃ አፈነው። በኢትዮጵያ ከነበሩት አርመናውያን አብዛኞቹ ንብረታቸው ሲወረስና ኑሮ ሲከብዳቸው ወደ ልዩ ልዩ አገር ተበተኑ፤ ከሥልሳ ዓመት በፊት የተበተነ ሕዝብ ሁለተኛ ተበተነ ማለት ነው። ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። በከተማው ውስጥ የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር። በየመንገዱ ሬሳ በሚታይበት ዓመት አንድ አቀናባሪ መሞታቸው ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር እንዳልነበረ ሳይናገሩትም ይታወቃል።

የጻፏቸው ወረቀቶች ግን ሁሉም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የድሮ ሸክላዎችን በተከታታይ ማሳተም ሲጀምሩ፣ የዓለም ጆሮ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ፋልሴቶ ከሸክላዎቹ ወደ ኋላ አልፈው ሸክላ ያልነበረበትን ዘመን ሲመረምሩ የነርሲስን ስም ደጋግመው አነሡ። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር ለዓመታት ወዳጅነት የመሠረተው፣ በረስ ገርሾን የሚመራው አይዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ጓድም ከተረፉት ወረቀቶች አንሥቶ ቅንብሮቻቸውን እንደ ገና ተጫወታቸው፤ ከተከታታዮቹ አልበሞች አንዱም ለነርሲስ መታሰቢያ ሆኖ ወጣ። ከላይ የጠቀስሁት የኖታ ጠባይ እዚህ ላይ ራሱን አስመሰከረ። ዜማውን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች፣ ከጸሐፊው ሞት በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ወረቀቱን ዘርግተው ነፉት። እኔ እንደ ሰማሁት ትዝታው ትዝታ ነው፤ መለከቶቹም ከዜማው በላይ ለመጮኽ አይሞክሩም። በወረቀት ላይ የሌለው፣ የዚያን ጊዜው የዘፋኝ ጉሮሮ ግን የለም።

ወደ ዓለም ከተማው ሠርግ ልመለስና ልጨርስ። ከእኩለ ሌሊት በፊት መብራት ጠፋ። ኦርጋኑ በዘፈኑ መካከል ዝም አለ፤ ዳሱም ለአፍታ ጸጥ አለ። አዝማሪው ግን አላቋረጡም። ጭራውን ጥቂት አላሉና ለጉሮሯቸው በሚመች ከፍታ አምባሰሉን እንደ ገና ጀመሩት፤ ያ ጣታቸው ቀን ሙሉ የተከለከለውን ቦታ አግኝቶ አረፈበት። ኩራዝና የእጅ ባትሪ እየወጣ ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሏቸው። ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንዲህ ሆነው ቆዩ።

መብራቱ ሲመለስ አዝማሪው እንደ ቀድሞው ማሲንቆአቸውን ሊያጠብቁ እጃቸውን ሰደዱ። ወጣቱ በእጁ ምልክት እንዲቆዩ ለመናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኦርጋኑን ከፍታ የምታዛውረውን ቁልፍ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እየተጫነ፣ የሽማግሌውን ድምፅ መፈለግ ጀመረ።